እጣው ሲደገም

በሰፈራችን ቅርጫ ሲኖር ሥጋውን የሚከፋፍለው አባቴ ነበር። ሥራው መሬት መቀየስ ስለሆነ እኩል ማካፈል ከሱ በቀር ማንም የሚችል አይመስለውም። በሬው ታርዶ ሥጋው ቅጠል ላይ ሲደረደር፣ ከዚህ መደብ ትንሽ ጉበት ቆርሶ ወደዚያ፣ ከዚያኛው አጥንት አንስቶ ወደዚህ ያደርጋል። ራቅ ብሎ ያያል፣ ተመልሶ ይነካካል። ሌሎቹ አባወራዎች ሰሃናቸውን ይዘው ይጠብቁታል። እናቴ «ኧረ ሰዎቹ ፆመው ያደሩ ናቸው» ብትለውም አይሰማትም ነበር።

መደቦቹ እኩል መሆናቸውን ሲያምን እጣ ይጣላል። እያንዳንዱ አባወራ ወደ ግቢው ጥግ ይሄድና አንድ ነገር ያነሳል፤ ስንጥር፣ ቅጠል፣ ቆርኪ፣ ያገኘውን። ሳይታይ ባርኔጣ ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ ቤት ውስጥ የቆየ፣ ማን ምን እንዳነሳ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። የተመረጥኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ ወንድሞቼ በበሩ ቀዳዳ ስለሚያዩ ነው።

አባቴ በዚህ ሥርዓት ላይ ቀልድ አያውቅም። ምልክት ሲነሳ ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ሰውንም ያስዞራል። አንድ ፋሲካ አጥንት የበዛበት መደብ የደረሰው ጎረቤታችን «ይደገም» ቢል አባቴ ቢላውን አስቀመጠና «እኔ እኩል አድርጌያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው የእግዚአብሔር ነው፤ እሱን ደግሞ ድገም አትለውም» አለው። ሰውዬው ሥጋውን ተሸክሞ እያጉረመረመ ሄደ።

ቤታችን ከጉርድ ሾላ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ያኔ ከአጥራችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ኢምፔሪያል በሚባለው አካባቢ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። ከቦሌ የሚነሱት አውሮፕላኖች በጣሪያችን ላይ ስለሚያልፉ ቤተሰቡ ሁሉ ንግግሩን መሃል ላይ አቋርጦ የመጠበቅና ካቆመበት የመቀጠል ልማድ ነበረው። እንግዳ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ፣ መሃል ያለሁት ሴቷ እኔ ነኝ። ታላቄ ቦሌ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ ከሥራ ሲመጣ እጁን በኦሞ ሲያሽ መዝፈን የሚወድ ሰው። ታናሼ አስም አለበት። በክረምት ትንፋሹ ሲያጥር ቤቱ ሁሉ ይታፈናል፤ ታላቄ ጀርባውን ደግፎ አስቀምጦት ወሬ ያወራለታል። በትምህርቱ ግን ማንም አይደርስበትም ነበር፣ ይህንንም በየቀኑ ሳይነግረን አይውልም።

ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ አፈሳው ሰፈራችን ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር አባቴን ሊያነጋግር መጣ። ከኛ ጋር ቅርጫ የሚገባ ሰው ነው። ቁጭ ሳይል፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ሁለት ወንድ ካለበት ቤት አንድ እንድንወስድ ታዘናል። ለሌላው ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ አልነግርም። እርስዎ ግን ያካፈሉን ሰው ነዎት። እስከ ሰኞ አንዱን ራስዎ ያቅርቡልኝ። ካልሆነ አፋሾቹ ሲመጡ አይመርጡም፣ ያገኙትን ነው የሚጭኑት።»

«ከሁለቱ የትኛውን?» አለ አባቴ።

«እሱንማ እርስዎ ያውቃሉ።»

አባቴ በዚያ ሳምንት ያደረገውን ማየት ከባድ ነበር። ያ ሁሉ ማካፈል የሚችል ሰው ልጆቹን እየመዘነ ከረመ። ታላቁ ይሂድ፣ ጤነኛ ነው፣ ይችለዋል። ግን ታላቁ ቤቱን የሚደጉመው እሱ ነው፣ ሊያገባም ሽማግሌ ልኳል። ታናሹ ይሂድ፣ ገና ምንም አልጀመረም። ግን ታናሹ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይሞታል። ጠዋት የወሰነውን ማታ ያፈርሰዋል። እራት ላይ አጠገባችን ተቀምጦ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ሲያይ ወንድሞቼ አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚላኩት ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ እናቴ አገር። እናቴ ከትግራይ ስለሆነች በማን ላይ የማን ልጅ እንደሚተኩስ ማሰብ ትታ ነበር።

በመጨረሻ እሷ ናት የተናገረችው። «አንተ ይህን መለካት አትችልም። እኔም አልችልም። የሰው አእምሮ እዚህ ድረስ አልተሠራም። ለእግዚአብሔር እንስጠው፣ እሱ ያውቃል።»

«እንዴት አድርገን እንስጠው?» አላት።

«እንደ ቅርጫው።»

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ማንም እህል አልቀመሰም። አባቴ ሳሎኑ ውስጥ መደቡ ላይ ሻንጣና ትራስ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ምልክቱ ሻንጣው ላይ ያረፈበት ይሄዳል፣ ትራሱ ላይ ያረፈለት ይቀራል። ለእግዚአብሔር ሻንጣና ትራስ ስናቀርብለት ምን ብሎ ይሆን ብዬ ዛሬም አስባለሁ። እናቴ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ተንበረከከች። አባቴ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንድሞቼ ግቢ ወጡ፣ እኔ ጓዳ ገባሁ።

ስጠራ ባርኔጣው ውስጥ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ ጭራሮ አገኘሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቅጠሉን ሻንጣው ላይ፣ ጭራሮውን ትራሱ ላይ አደረግሁ።

«ቅጠሉ የኔ ነው» አለ ታናሼ።

አንድ አውሮፕላን ተነስቶ መጣ፣ እስኪያልፍ ጠበቅን። ካለፈ በኋላም የሚቀጠል ንግግር አልነበረንም። እናቴ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ታናሼ ቅጠሉን ከሻንጣው ላይ አንስቶ ሲያጥፈውና ሲዘረጋው አባቴ ያየው ነበር። ደረቱ ገና ከአሁኑ ሲያፏጭ ይሰማል።

«ይደገም» አለ አባቴ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እንደማትቃወመው ገባኝ፣ እሷም ፈልጋው ነበር። ታላቄ ወዲያው «እሺ፣ ይደገም» ብሎ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ወጣ። እኔ እንደገና ጓዳ ገባሁ። ስገባ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። አየር ፈልጎ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛው ዙር አንድ ጠጠርና አንድ የተቀደደ ጨርቅ ነበር። ጠጠሩን ሻንጣው ላይ አስቀመጥኩ። እጄን ገና ሳላነሳ ታላቄ «ጠጠሩ የኔ ነው» አለ። ታናሼ አፉን ከፈተ፣ ነገር ግን ሳል ያዘውና ሊለው የነበረው ሁሉ በሳሉ ተዋጠ። አባቴ «በቃ» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ለምስጋና ይሁን ለልቅሶ ሳይታወቅ መሬት ሳመች። ታላቄ እንደ ሁልጊዜው ጀርባውን ደግፎ ታናሼን አስተነፈሰው።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ከአባቴ ጋር ወደ ቀበሌ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ እናቴን «እግዜር የሚያውቀውን ነው ያደረገው፣ አታልቅሺ» አላት። ያንን ቃል ለረጅም ጊዜ እንደ ወረደ ወሰድኩት።

ብዙም ሳይቆይ በአፈሳው የተወሰደው የጎረቤታችን ልጅ ተመልሶ መጣ። እሱም እንደ ታናሼ ደረቱ የሚታፈን ነበር። ማሠልጠኛ እንደደረሱ ሐኪም አይቶት «ይህ አይሆንም» ብሎ መልሶታል። እናቱ እልል ብላ ጠላ ጠመቀች፣ እኛንም ጠራች። የእናቴን ፊት ሳየው ያሰበችውን ወዲያው አወቅሁ። የመጀመሪያው እጣ ቢፀና ኖሮ ታናሼ ሄዶ ይመለስ ነበር፣ ታላቄም ጋራዡ ውስጥ ይዘፍን ነበር። ጨካኝ የመሰለን መልስ ምናልባት ከሁሉም የሚምረን መልስ ነበር። ይህን የምለው ግን እኔ ነኝ። ሐኪሙ ታናሼንም ይመልሰው እንደነበር ማን ነገረኝ? ሰው አንዴ የእግዚአብሔርን ሐሳብ ሳላውቅ ቀረሁ ካለ በኋላ አሁን አውቄዋለሁ ማለት ያምረዋል።

ታላቄ መጀመሪያ ላይ በሰው በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር። ከዚያ ሰላምታውም ቆመ። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ሲገባ እናቴ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ውላ ትመለሳለች። በባዶ እግሩ የሚያልፈውን ሁሉ ዳቦ እየሰጠች ትጠይቃለች። አንዱም አያውቀውም። ወታደሩ መምጣቱን ሲያቆም እሷም አልጋ ላይ ወደቀች፣ ከዚያ አልጋ አልተነሳችም።

ለቅሶ የመጣው ሰው አባቴን «ምን ታደርገዋለህ፣ የልጅህም ነገር የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲለው በቁጣ ይመልስ ነበር። «እሱን አታንሱብኝ። ልጄን የላክሁት እኔ ነኝ።» እጣው ይደገም ስላለ ነው የሚጸጸተው ብለን ሁላችንም ተረድተነዋል። ቅርጫ ማካፈሉንም ተወ። ፋሲካ ሲመጣ ጎረቤቶች ሲለምኑት በሩን ይዘጋል።

ከእናታችን ተዝካር በኋላ ታናሼ ወደ ጓዳ ተከትሎኝ መጣ። «ጠጠሩ የኔ ነበር» አለኝ። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። «ጨርቁ የሱ ነበር። ከኔ ቀድሞ አፉን ከፈተ። እኔ ደግሞ መናገር ስችል አልተናገርኩም።»

ሁለቱንም ጊዜ ምልክቱን ያስቀመጠች እጅ የኔ ናት፣ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ላይ ነው ያረፈችው። ወንድሜ ስለ ወንድሙ ራሱን ሰጠ፤ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስማር አድጌያለሁ። ግን ያ ፍቅር የለመንነውን መልስ የሻረ ውሸት ነበር። የትኛው ነው የእግዚአብሔር? ሰው ሆኜ ላስበው ስሞክር ጭንቅላቴ ይዞርብኛል፣ ዛሬም ይዞርብኛል። የጠየቅኋቸው ቄሶች ሁሉ የተለያየ ነገር ነገሩኝ፣ ሁሉም ደህና ሰዎች ናቸው።

«ለአባባ ልነግረው ነው» አለ ታናሼ። «እግዚአብሔርን በልመና አስገድጄ ልጄን አስወሰድኩ እያለ ሊሞት ነው። ቢያንስ እግዚአብሔር ሐሳቡን እንዳልቀየረ ይወቅ።» ልከለክለው ፈለግሁ፣ ለምን እንደምከለክለው ግን አላወቅሁም።

አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ታናሼ ከእግሩ ሥር ተቀመጠና «አባባ፣ ስለዚያ ጠጠር» ብሎ ጀመረ። አውሮፕላን መጣ። እንደ ልማዳችን ሦስታችንም ጠበቅን። ድምፁ ሲርቅ ታናሼ ከመቀጠሉ በፊት አባቴ ተናገረ።

«ከአጥሩ ሥር ስታነሳው አይቼሃለሁ» አለ። «መስኮቱ ጋ ነበርኩ።»

የታናሼ ትንፋሽ ማፏጨት ጀመረ። አባቴ ዕድሜ ልኩን የሰው ምልክት አይቶ አያውቅም ነበር፣ ያንን አንድ ቀን ብቻ ዞረ።

«መጀመሪያ እግዚአብሔር ሲነግረኝ ይደገም አልኩ። ደግሞ ነገረኝ። ወንድምህ ሲዋሽ ደግሞ እያወቅሁ በቃ አልኩ። እናታችሁ እሱ መረጠ ብላ ሞተች። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

እጁን የታናሼ ጀርባ ላይ አደረገና ታላቄ ያደርገው እንደነበረው ቀስ ብሎ ደገፈው።

«በየጠዋቱ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ ልለው እቆማለሁ» አለ። «አልችልም። ይቅር እንዲለኝ ተሳስቻለሁ ማለት አለብኝ። አንተን እያየሁ ደግሞ እንዴት ብዬ ነው ተሳስቻለሁ የምለው?»