ዘመድ ዳኛ አይሆንም

ሐይፋ ላይ እኛ ቤተ እስራኤሎች ሰልፍ ወጥተን፣ ፖሊስ ከልጆቻችን ላይ እጁን ያንሳ እያልን ስንጮህ፣ መንገድ ዘጋችሁ ብለው አፍሰው ወሰዱን። ያሰሩን ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ክሎሪን ክሎሪን ትሸታለች፤ መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ናት። ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ ክርያት ሐይም የሚባል ሰፈር ያለ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ የመጡ የጎንደር ሽማግሌ ናቸው። ሰልፉ የሠርግ አጀብ መስሏቸው እያጨበጨቡ ተቀላቅለውን ነበር። ሌላው ወደብ ላይ በጽዳት የሚሠራ ጎልማሳ ነው፣ ጴንጤ። ሚስቱን ምጥ እንደያዛት የሰማው ፖሊሶቹ ስልኩን ሊቀሙት ሲሉ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና፣ የአገራችን ሴቶች ምጥ ሲኖር እንደሚያደርጉት፣ «ማርያም! ማርያም!» ይሉ ጀመር።

«አባባ፣ እባክዎ ይተዉ» አለ ጎልማሳው። «እኔ የምጠራው ጌታን ብቻ ነው።»

«እናቱን ንቀህ እሱን ልታከብር?»

«አልናቅኳትም። የተባረከች ናት። ወደ እሷ አልጸልይም አልኩ እንጂ።»

«እኔስ አማልጅኝ ነው የምላት! አምላክ ናት መች ወጣኝ?»

ነገሩ ሲካረር ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ይሁዲ ነህ፣ ዘርህ ናት» አሉ ሽማግሌው። «በል ፍረድ!»

«ዘመድማ ዳኛ አይሆንም» አልኩ።

ሁለቱም ሳቁ። ሽማግሌውም ጎልማሳውን ላለማስቀየም ዝም አሉ።

ምሳ መጣ። ፍልሰታ ነበርና ሽማግሌው እንቁላላቸውን ለእኔ ሰጥተው ዳቦውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆዩት። ጎልማሳው ምግቡን አልነካም። ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም ፈራሁለት።

በመጨረሻ ቆመ። «አባባ፣ ለምን ዝም አሉ?»

«ይተዉ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«አይጩኹ ማለቴ ነው እንጂ...»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና በሹክሹክታ «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ጀመር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ፖሊስ፣ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ፣ በሩን ከፈተች። «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሚስትህ ሴት ልጅ ወለደች! ሁለቱም ቤሰደር ናቸው፣ ደህና ናቸው። አባባ፣ አንተ ደግሞ ና ውጣ፣ ዘመድህ መጥቷል።»

ሽማግሌው ግን ለመውጣት አልቸኮሉም። ጎልማሳው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። አፋቸው ላይ የደረሰው «እንኳን ማርያም ማረቻት» እንደነበር ጎንደር የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ዋጥ አደረጉትና፣

«እንኳን ጌታ ማራት፣ ልጄ» አሉ።

ጎልማሳው ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ። ፖሊሷም በሩን ይዛ ጠበቀች።

ልጅቷ ዛሬ መዋለ ሕፃናት ገብታለች። በልደቷ ቀን ወደ ጎንደር ይደወላል፤ እኔም ከዚያ ቤት አልቀርም። ሽማግሌው ስልክ ላይ እንደ እስር ቤቱ አይጠነቀቁም፤ «ማርያም ታሳድግልህ!» ይላሉ። አባትየው አሜን አይልም፤ እምነቱ ነው፣ ዛሬም አልለወጠም። የሽማግሌው ምርቃት ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት ግን አይችልም። ስልኩን ወደ እኔ ገፋ ያደርግና፣

«ዘመድህ ናት፤ በል እንጂ!» ይለኛል።

«አሜን» እላለሁ።