እሬቷ የነበረችበት ቦታ

ዜናውን የሰማሁት እሑድ ጠዋት፣ በጸሎት ቤታችን የማስታወቂያ ሰዓት ላይ ነው። አስተዋዋቂው መጀመሪያ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ወድቆ እንደተገኘ ነገረን። ቀጥሎ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለው አሮጌው መቃብራችን መንገድ ሊያልፍበት ስለሆነ እንደሚነሳ አሳወቀን። ከዚያ የሁለት ሙሽሮችን ስም አንብቦ አስጨበጨበን። ጭብጨባው ለየትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ዋናው ነገር መሐል ላይ አልፏል፦ ስም የተጻፈበት መቃብር አጽሙ በክብር ወጥቶ በስሙ ወደ አዲሱ ቦታ ይዛወራል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀው ግን ተሰብስቦ በአንድ ጉድጓድ ያርፋል።

እህቴ እዚያ ናት። ስም የተጻፈበት ድንጋይ የላትም።

ወደዚህ ከተማ ቀድማኝ የመጣችው እሷ ናት። ከሆሳዕና ወዲያ ካለው መንደራችን ወጥታ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸክማ፣ እኔን አስመጥታ ስፌት አስተማረችኝ፤ ከዚያ ታመመች። እንደማትተርፍ ስታውቅ፣ «ድንጋይ ተሸክሜ ጨርሻለሁ፤ ደግሞ ሞቼ እንዳትጭኑብኝ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ በራስጌዋ ስሟ ያለበት እንጨት ብቻ አቆምን። እንጨቱን አንድ ሰው ለማገዶ ወሰደው። አልተቀየምኩም። እንጦጦ ሥር እየኖሩ ደረቅ እንጨት ማንም ሳይነካው ይቆማል ብሎ ማሰብ የእኛ ሞኝነት ነው።

ከዚያ በኋላ እንደ አገራችን ልማድ እሬት ተከልኩላት። በእኛ በኩል መቃብር የሚታወቀው በላዩ በተተከለው ነገር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲሁ ያደርጋል። እሬትን ከብት አይበላውም፣ ድርቅ አይገድለውም፣ ለማገዶም አይሆንም። ችግኙን የሰጠኝ ከቤቴ በታች ሱቅ ያለው የአገሬ ልጅ ነው። ከአባቱ መቃብር ላይ ከነቀለው ዘር ያባዛው ነበር። እሬቷ ጸደቀች፣ ወፈረች፣ ቀይ አበባ ታወጣ ጀመር። እናቴ ከአገር ቤት ስትደውል መጀመሪያ ስለ ጤናዬ፣ ቀጥላ ስለ እሬቷ ትጠይቀኛለች። «አበበች?» ትለኛለች። ቦታውን መጥታ አይታ አታውቅም፤ እግሯ አይፈቅድላትም። ለእሷ ልጇ ማለት በዚያ ኮረብታ ላይ የሚያብብ አንድ ተክል ነው።

ከዚያ እሑድ በፊት ስለዚያ መቃብር የሚያስብ ሌላ ሰው አላውቅም ነበር። የጸሎት ቤታችንን ሰው ስለ ሞተበት ዘመድ መቃብር ስትጠይቁት፣ «እሱ እዚያ የለም፣ ጌታ ዘንድ ነው» ይላችኋል። እውነት ነው፣ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ትንሣኤን የሚያህል ተስፋ ሣር ላለማጨድ እንደ ሰበብ የተጠቀመበት ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰበብ ቁጥቋጦው ድንጋዮቹን ውጧቸው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ግን እዚያ ዘመድ የሌለው ሰው ጠፋ። አባታቸው የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ የማያውቁ ሰዎች፣ አባታቸው ይነሳል ተብሎ መሐረብ አወጡ።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው በጡረታ የወጡ፣ ስብሰባ መምራት እንደናፈቃቸው ከሩቅ የሚያስታውቅባቸው ደግ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያው ስብሰባ በጸሎት ተከፈተ። ጸሎቱ አጀንዳውን አንድ በአንድ ለጌታ ያብራራ ስለነበር፣ አሜን ስንል ለውይይት የተረፈ ብዙ ነገር አልነበረም። እኔ የተመረጥኩት ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። ሥራዬ በየድንጋዩ ላይ ያለውን ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ መገልበጥ ነው ተባልኩ። ደስ አለኝ። በዚያው እህቴን አስመዘግባታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከመገልበጡ በፊት ግን ድንጋዮቹ መታየት አለባቸው ተባለና ወጣቶቹ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ወጡ። ቲሸርት ታተመ፤ ጀርባው ላይ «ታሪካችንን እንጠብቅ» ይላል። እኔ የሠርግ ልብስ ተደራርቦብኝ ስለነበር አልሄድኩም። ሰኞ ከሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁ።

ቦታው እንደተላጨ ራስ ሆኖ ጠበቀኝ። ሣሩ የለም፣ ቁጥቋጦው የለም፣ ጽጌረዳው ሳይቀር ተነቅሏል። ድንጋዮቹ በሳሙና ታጥበው ያበራሉ። ድንጋይ የሌላቸው መቃብሮች ጉብታቸው ለዓይን እንዲያምር በአካፋ ተደልድሎ ሜዳ ሆኗል። ከታች በኩል እኔ ቆሜ የምጸልይበትን ቦታ ፈለግሁ። ወዲያ ወዲህ አልኩ። እሬቷም የለች፣ ቦታውም የለ። እዚያው ቆሜ ለዘመቻው አስተባባሪ ደወልኩላት። ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ደስ የምትል ልጅ ናት።

«እትዬ፣ አየሽው? አማረ አይደል?»

«አምሯል። እሬቶቹ የት ሄዱ?»

«እነሱን? ሁሉንም ክሊር አደረግናቸው። እሾህ አላቸው እኮ፣ አንዷን ልጅ ወጓት።»

«እሺ፣ የት ጣላችኋቸው?»

«አልተጣሉም፣ ዶንት ወሪ። መዘምራኑ ተካፍለዋቸዋል። ለፀጉር ምርጥ ነው፣ ትንሽ ላስቀምጥልሽ?»

እህቴ ዕድሜዋን በሙሉ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍራ ሲሚንቶ ስትሸከም ነበር። ቅባት የነካው ለሁለት በዓል ብቻ ነው። አሁን የመቃብሯ ምልክት የመዘምራን ፀጉር ያለሰልሳል። ልጅቷን አልተቆጣኋትም። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁት፤ ማመስገኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሥራ ግን ሥራ ነውና መገልበጤን ጀመርኩ። አንድ ሰውዬ የነበራቸው ሹመት ሁሉ ተዘርዝሮ ድንጋዩን ስለሞላው፣ የሞቱበት ቀን የተቀረጸው በጎኑ ነው፤ ጨርሶ ላለመሞት የተደረገ ሙከራ ይመስላል። ሩጫን ስለ መጨረስ የሚናገረው ጥቅስ እዚያም እዚያም አለ። በሰፈራችን ይህን ያህል ሯጭ እንደነበረ አላውቅም ነበር። አንድ ባል አጠገብ የሚስቱም ፎቶ ተለጥፎ፣ ስሟ ተቀርጾ፣ የሞተችበት ቀን ብቻ ባዶ ተትቷል። ሴትዮዋ ደኅና ናት። እሑድ እሑድ ከፊቴ ትቀመጣለች፤ ሁለተኛው ባሏም አጠገቧ። «ለሁሉ አባት የነበሩ» የሚልም አገኘሁ። እኒህ አባት እህቴን ቤት አከራይተዋት ነበር፤ ከሥራ አምሽታ ስትመጣ ግን በር አይከፍቱላትም። ቃሉን እንዳለ ገለበጥኩት፤ ፊደል አልቀነስኩም።

ድንጋይ ያላቸው ሰዎች ዘመዶች ደግሞ ስልኬን ከየት እንዳገኙት ሳላውቅ ይደውሉልኝ ጀመር። አንዱ፣

«እህት፣ የአባቴ ድንጋይ ላይ ኢንጂነር የሚለው ቀርቷል፤ ስትጽፊ ጨምሪበት» አለኝ።

«ድንጋዩ ላይ የለም፣ ጌታዬ።»

«ጠራቢው ነው የረሳው።»

«እንግዲያው ለጠራቢው ይደውሉ።»

ለሰብሳቢው ደወለ። ኮሚቴው ተወያየና ኢንጂነር እንዲጨመር ፈቀደ። ወሬው ሲሰማ ዶክተርም፣ ኮሎኔልም፣ አንድ «የመጀመሪያው ዘማሪ» የሚልም መጡ። ሙታን ከጉድጓድ ሳይወጡ የደረጃ ዕድገት አገኙ። እኔም ልቤ ደፈረና በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ላይ የሌለ ማዕረግ ከተጨመረ፣ የእህቴም ስም ይጨመርልኝ።»

«ልጄ፣ እነሱ እኮ ድንጋይ አላቸው» አሉኝ ሰብሳቢው።

«እሷም እሬት ነበራት። ዘመቻው ነቀለው።»

«እሬት ጽሑፍ አይደለማ። ደግሞስ እሬት የእስላም መቃብር ላይ አይደል የሚተከለው?»

«በእኛ አገር የሁላችንም ላይ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንዳልኩት ደግ ሰው ናቸው፤ ሊረዱኝ ፈለጉ። «እንግዲህ እንዲህ እናድርግ» አሉ። «ከዚያ ረድፍ አንዱን ምረጪና ስሟን እናስፍርበት። የትኛዋ እንደሆነች ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃታል፣ ጋሼ። የማያውቃት ቆፋሪው ነው።»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ወደ ሳል ለወጠው። ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ፤ በጸሎትም ተዘጋ።

የሰብሳቢውን ሐሳብ ለምን እንደማልቀበለው ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል። በታችኛው ጫፍ የተቀበሩት እንደ እህቴ ድንጋይ ያላሠሩ ናቸው፤ ቀን ሠራተኛ፣ ሰው ቤት ያረጀች ሴት፣ ከየአገሩ የመጣ ብቸኛ። በግምት አንዱን ባስቆፍር፣ የማላውቃትን ሰው በእህቴ ስም ሸኝቼ እህቴን ስም የለሾቹ ጉድጓድ ውስጥ እተዋታለሁ። ለእናቴም ልጅሽ አዲሱ ቦታ ላይ ናት ብዬ እነግራታለሁ። እኔ ለማንም እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሴት አይደለሁም። ባለፈው እናቴ ስትደውል «አበበች?» አለችኝ። «ዝናብ ነው፣ ወደዚያ አልወጣሁም» አልኳት። የዚያን ቀን እውነት ነበር። በማግስቱ ደግሞ ስልኳን ሳላነሳ ቀረሁ።

ለሱቁ ባለቤት፣ ለአገሬ ልጅ፣ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

«ለመሆኑ ፀጉራቸው ለሰለሰ?»

«አንተ ደግሞ አሁን መሳቂያ አታድርገኝ።»

«ወላሂ፣ እህቴ፣ እኔ ብሆን ሰላምታ ስሰጣቸው ፀጉራቸውን ነበር የምስመው። እሬቷ ከአባቴ መቃብር የመጣች ዘመዴ ናት።» ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ሌላ ችግኝ ልስጥሽ?» አለኝ።

«የት ልትከለው?»

የጠየቅሁትን ስኳር መዝኖ ሰጠኝ።

ፎቶም ፈልጌያለሁ። አስተባባሪዋ ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ የለጠፉትን ሁሉ አሳየችኝ። ከጽዳቱ በኋላ እንጦጦ ፓርክ ወጥተው ስለነበር አብዛኛው የዚያ ነው፦ ፈረስ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ በርገር ሲጎርሱ። ከመቃብሩ የተነሣ አንድ ፎቶ ብቻ አገኘሁ። ሥራ ሲጀምሩ በክብ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። በካሜራው በኩል የቆሙት ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ ያ ሁሉ «ታሪካችንን እንጠብቅ» ከፊታቸው ያለውን መቃብር በሙሉ ጋርዶታል። ስልኩን ወደ ጎን አዘነበልኩት፤ በጎን የሚታይ ይመስል።

ቆፋሪዎቹ ክረምቱ ሲወጣ ይገባሉ ተብሏል። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ እዚያ የነበራችሁ ወጣቶች፣ ይህን ካነበባችሁ አስቡልኝ። የእህቴ እሬት ከታች በኩል፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ነበረች። ከሌሎቹ ትበልጣለች፤ ግንዷ ወደ ከተማው አጋድሏል። ሥሯ የቆየ ስለሆነ በቀላሉ አልወጣችላችሁም። አንዳችሁ ሞክሮ ሲያቅተው ሌላ ሰው ሳይጠራ አይቀርም፤ አንዱ ተንሸራቶ ወድቆም ተሳስቃችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። ማን ነቀለ ብዬ አልጠይቅም፣ ለኮሚቴም አልናገርም። የተካፈላችሁትን ተቀቡት፣ ይስማማችሁ። ያልለጠፋችሁት፣ ፊታችሁ ያላማረበት ፎቶ ካለ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ከኋላችሁ ያለውን እዩልኝ። ፎቶም ከሌለ፣ አንድ ማለዳ ከትምህርት በፊት አብራችሁኝ ውጡና፣ ስትጎትቷት እግራችሁን የተከላችሁበትን ቦታ አሳዩኝ።