ሳሙና የተለጠፈበት ቱቦ

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አሮጌዋ መኪናዬ ቆማለች። መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ፣ "እትዬ፣ የነዳጁ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። አዲሱ ነገ ነው የሚገኘው፤ ለጊዜው ሳሙና ለጥፌበታለሁ፣ ቤት ያደርስዎታል" አለኝ። የቤንዚንና የልብስ ሳሙና ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ ከእህል በረንዳ ጤፍ የሚያመላልስበት አሮጌ ፒካፕ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነው፤ ጋቢና ከጎኑ መቀመጥ ለእኔ ንግሥና ነበር። አንድ ቀን ከመኪናው ሥር ቤንዚን ጠብ ጠብ ሲል አየ። ጭነት ይጠብቀው ስለነበር መቆም አልቻለም። ከእናቴ ሳፋ ሳሙና አንስቶ በአውራ ጣቱ እያሸ መገጣጠሚያው ላይ ለጠፈው፤ በጨርቅም አሰረው። ልገባ በሩን ስይዝ እጄን አስለቀቀኝ።

"ዛሬ በእግርሽ ሂጂ።"

"ምን አጠፋሁ አባዬ?"

"ምንም። መኪናው ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው።"

ጋቢናው ባዶ ነበር። ውሸታም አልኩት በሆዴ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። አንዴም አላስረዳኝም፤ አሁን ልጠይቀው ብልም በሕይወት የለም።

መካኒኩ እጁን ጠርጎ ቁልፉን ሰጠኝ። አብራኝ የነበረችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል፣ "አንቺ በታክሲ ሂጂ" አልኳት። ለምን ብትለኝ የታክሲ ሒሳብ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ፊቷን አዙራብኝ ሄደች።

ብቻዬን ገብቼ፣ እሳት ቢነሳ ለመዝለል በሩን ሳልዘጋ ቁልፉን አዞርኩ። ለካ ያን ጠዋት አባቴም ፈርቶ ነበር።