የጎረቤታችን የክሊም ውሃ

ተመረጠ! የኔ ጽሑፍ ተመረጠ! ዓርብ ዕለት በዚህ የወደብ ከተማ የምንኖር ሐበሾች በምንሰበሰብበት አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ማይክ ይዤ ላነበው ነው።

የነገሩን አማርኛ የሚያስተምሩን ጋሼ ናቸው፤ ቀን ቀን ወደብ ላይ የዕቃ ማስለቀቂያ ወረቀት ነው የሚሞሉት። ትናንት ደብተሬን ከፍ አድርገው፣ «ስለ ሰፈራችሁ ኑሮ ጻፉ ስላችሁ ሁላችሁም ባሕርና ግመል ጻፋችሁልኝ። ሰፈሯን የጻፈች ይህቺ ብቻ ናት» አሉ። ከዚያ ቤት ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሜኔሊክ አደባባይን በሩጫ ሳቋርጥ ካፌ የተቀመጡት ሰዎች የሆነ ነገር ሰርቄ የማመልጥ መስሏቸው ዞር ዞር ብለው አዩኝ። ይዩኝ! ሌባ መባል ለኔ አዲስ አይደለም። የጻፍኩትም ስለሱ ነው።

የምንኖረው ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ቅያስ ላይ ነው። ጀሪካን የያዙ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ አንደኛው የሰው በር ውስጥ ካልገባ አይተላለፉም። ቤቶቹ ጣውላና ቆርቆሮ ስለሆኑ ማን በሶማሊኛ እንደተጣላ፣ ማን በአፋርኛ እንደታረቀ፣ የማን ልጅ በፈረንሳይኛ ዜሮ እንዳመጣ ሁሉም ይሰማል። እዚህ ሰፈር አንድ ሰው ስም ካወጣልሽ አለቀልሽ፤ እስከ ማታ ዳቦ ሻጩም ያውቀዋል።

የቧንቧችን ውሃ ጨዋማ ነው። ሳሙና አያረፋበትም፣ ጸጉር ያደርቃል፣ ነጭ ልብስ ያደበዝዛል። እማዬ ደግሞ የምታሳድረን የሰው ልብስ እያጠበች ነው።

ፊት ለፊታችን የምትኖረው ሴትዮ ከቅያሳችን ክሊም ያስገባች የመጀመሪያዋ ናት። ክሊም የምንለው ቤት ማቀዝቀዣውን ነው። በግድግዳዋ በኩል ከወጣች ቀጭን ጎማ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ አሸዋው ላይ። ጨው የሚባል የሌለበት ውሃ! እማዬ አንድ ቀን ሥሩ ባልዲ አስቀመጠች። በቃ፣ ወንጀላችን ይኸው ነው፤ መሬት ሊጠጣው የነበረውን መቀበል።

እማዬ ልብስ አጥባበት በተረፈው እኔ ጸጉሬን ታጠብኩ። ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ማበጠሪያው አንድም ጥርሱ ሳይሰበር አለፈ! እንደዚያ ለስልሶ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ጸጉሬን ፈትቼ በር ላይ ቆምኩ። ያ ነው ስሕተቴ።

ሴትዮዋ መጋረጃዋን ገለጥ አደረገች።

«አንቺ! ይሄ ጸጉር በምን ታጥቦ ነው እንዲህ የሆነው?»

«በውሃ፣ እትዬ።»

«በማን ውሃ?»

ወደ ባልዲው አየሁ።

«የመብራት የምከፍል እኔ፣ ጸጉር የሚያምርባት እሷ! ኑ እዩልኝ! የክሊሜን ውሃ የሚሰርቁ ሌቦች ጎረቤት ሰጠኝ!»

እማዬ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ወጣች። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝም ብሎ የሚፈስ መስሎኝ ነው።»

«ይፍሰስ! የኔ አይደለም እንዴ? ይፍሰስ!» ብላ ባልዲውን በእግሯ ጠለዘችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ክሊም» ሆነ። ይኸው አምስት ዓመት። ሱቅ ስደርስ «ክሊም መጣች፣ በረደን!» ይላሉ፤ በዚያ በሚያነድ ሙቀት እጃቸውን አጣጥፈው ይንቀጠቀጡልኛል። እማዬ የሰው ልብስ ልታደርስ ስትወጣም ከመጋረጃው ኋላ «ሸሚዛችሁን ቁጠሩ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሴትዮዋ ግን በዚህም አልበቃትም። ጠብታው እንዳይደርሰን ብላ ጎማውን አዙራ ወደ ገዛ ቤቷ፣ በርሜል ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደሚሆናት እሷም አታውቅም፤ እኛ እንዳናገኘው ብቻ። በርሜሉ ስንት ቀን ሲሞላ ሰነበተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጫት የገባለት ሲቅም፣ ያልገባለት ሲተኛ፣ ከቤቷ ጩኸት ተሰማ።

«ጎረቤት! ድረሱልኝ! ባልዲ አምጡ!»

ባልዲ! የትኛውን ባልዲ መሰላችሁ?

እማዬ «ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። በርሜሉ ሞልቶ ፈሶ ምንጣፉ ርሷል፤ አልጋዋ ሥር ለድሬዳዋ ዘመዶቿ ያስቀመጠችው የልብስ ሻንጣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ተንበርክኬ በጨርቅ እየመጠጥኩ ባልዲያችን ውስጥ ስጨምቅ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ አልጋው ላይ ቆማለች። ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እዚያ ጥግ ቀርቷል፣ ክሊም።»

አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ። ለእማዬም «ዓይናችሁ ነው ያጥለቀለቀኝ» አለቻት። እኔ በሆዴ «አንድ ቀን» አልኩ።

ያ ቀን ዓርብ ነው!

ትናንት ወሬው ቅያሳችን ሲደርስ ቀድማ የመጣችው ማን ናት? እሷ! ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በሳህን ይዛ፣ እልልታዋን እያቀለጠች።

«የሰፈራችን ጸሐፊ! እኔ አይደለሁም እንዴ ያሳደግኋት! ስለምን ጻፍሽ የኔ ቆንጆ?»

«ስለ ሰፈራችን፣ እትዬ።»

«እኔስ አለሁበት?»

«እንዴ! እርስዎ ሳይኖሩበት?»

«በይ እንግዲያው ከፊት ነው የምቀመጠው! ዘመዶቼን በሙሉ ነው የምጠራው!»

ሙሸበኩን በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

እሷ ስትወጣ እማዬ በሩን ዘጋችና «እስኪ አንብቢልኝ» አለችኝ። ሸሚዝ እያጣጠፈች አዳመጠች። ጨርሼ ቀና ስል ፊቷ ጠቁሯል።

«ቅደጂው።»

«እማዬ!»

«እኛ እኮ ከዓርብም በኋላ እዚሁ ነን። በር ለበር። ቅደጂውና ስለ ባሕሩ ጻፊ።»

ደስታዬ በአንዴ ሟሸሸ። እሷ ካልፈቀደች እንደማላነበው አውቀዋለሁ። «አምስት ዓመት ሙሉ ክሊም ስባል ዝም በይ አልሽኝ፤ ዝም አልኩ» አልኳት። «አንቺን ሌባ ስትልሽም ዝም አልኩ። አሁንም ዝም ልበል?»

አንድ ሸሚዝ አጠፈች። ሌላ አጠፈች። ሦስተኛውን ጭኗ ላይ አኖረችና፦

«ባልዲው ሰማያዊ አልነበረም» አለች።

«ምን?»

«ሰማያዊ ብለሽ ጽፈሻል። ቀዩ ነው። ስትጠልዘው እጀታው ወልቆ ሰው በር ሥር ነው የተገኘው፤ እሱንም አልጻፍሽው። ከጻፍሽ አይቀር በትክክል ጻፊ እንጂ!»

እስክሪብቶ አንስቼ «ሰማያዊ» የሚለውን ሰረዝኩ። እሷ ሸሚዙን አጠፈችና ጨመረች፦

«አልጋ ላይ ቆማ ያለችሽን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ኋላ ያሉት እንዲሰሙት።»

እንግዲህ እናንተም ተጠርታችኋል። ዓርብ አስር ሰዓት፣ በሐበሻ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሙቀት አትፍሩ፤ አዳራሹ ክሊም አለው። ቀዩ ባልዲም እጀታው በሽቦ ታስሮ ከኔ ጋር መድረክ ላይ ይወጣል። ከፊተኛው መደዳ መሐል ያለው ወንበር የእትዬ ነው፤ በግራና በቀኟ ያሉት ክፍት ናቸው። ቀደም ብላችሁ ኑና እዚያ ተቀመጡልኝ። እኔ ሳነብ ዓይኔ ወረቀት ላይ ስለሚሆን ፊቷን ማየት አልችልም፤ እናንተ እዩልኝ።