ያልረጋው ወተት

ኧረ እኔስ ታከተኝ! እዚህ በሰው አገር፣ ሰንሻይን ዌስት የሚባል ሰፈር ካለ የእርጎ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ላብራቶሪ ውስጥ እርጎው በወጉ መርጋቱን የምፈትሸው እኔ ነኝ። አለቃዬ «ሳይንቲስቶቻችን ትምህርት ቤት እየሄዱ ልጆች ያስተምሩ» የሚል ፕሮግራም አመጣና አስኮት ቬል ካለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር አጣመረኝ። ከገዛ ልጄ ክፍል ጋር! ደስ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ሞኟ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሄድ ማሪቢርኖንግ መንገድ ላይ ትራፊክ ይዞን ሳለ ልጄ አስጠነቀቀችኝ። «ፕሊስ ማም፣ ኖ አማርኛ ኢን ክላስ።» እሺ አልኳት።

የዕለቱ ትምህርት ወተት ማርጋት ነበር። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፣ ግን ችኩል። «ወተቱ ለብ ያለ ይሁን፣ አለበለዚያ እርሾው ይሞታል» ብዬ ለመንኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ! የምሳ ደወል ሳይደርስ እንጨርስ ብላ የሚንተከተክ ወተት በየኩባያው ባለው እርሾ ላይ ገለበጠችበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ይባስ ብላ ገና ከመጀመራችን ሰሌዳው ላይ «ወተቱ እርጎ ሆነ» ብላ ጽፋለች። በእኛ ላብራቶሪ ውጤት ቀድሞ የሚጽፍ ሰው ውሎ አያድርም!

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ከሌሎቹ ቀድሜ ገባሁ። ልጄ ሮጣ ኩባያዋን አዘነበለችው። ያው ወተት ነው፣ ጨርሶ ያልረጋ። አስተማሪዋ «ልጆቹ እንዳያዝኑ» ብላ አንሾካሾከችልኝና ኩባያዎቹን ሰብስባ ወጣች። ስትመለስ የሱፐርማርኬት እርጎ ሞልታባቸዋለች። ያውም ቫኒላ! ደሜ ፈላ። ግን ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ምላሴን ያዘው፤ አስተማሪን በተማሪዎቿ ፊት እንዴት አሳፍራለሁ?

ልጆቹ ገቡ፣ ቀመሱ። «ተሳካ?» ስትላቸው «የስ!» አሉ ማንኪያቸውን እየላሱ፤ የሰሌዳውንም ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ልጄ ብቻ እርሳሷን ይዛ ፈዘዘች።

«ጓደኞችሽ የጻፉትን ጻፊ» አለቻት አስተማሪዋ።

ልጄ ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ያኔ ፈራሁ። አሁን ይሄን ከጻፈች፣ ነገም ዓይኗ ያየውን ትታ ሰሌዳ ስትገለብጥ ልትኖር ነው።

ድንገት ጮክ ብላ፣ በአማርኛ፣ «እማዬ፣ የእኛ አልረጋም እኮ! ይሄ የሱቅ ነው!» አለች።

አማርኛ የማይገባት አስተማሪ ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ቋንቋችሁ እንዴት ደስ ይላል! ምን አለች?»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት።