ለወለላ ጥርስ የፈረድኩት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጎንደር ደወለችልኝ። የልጇን ጥርሶች ያየ ሐኪም ለጥርስ ማስተካከያ ባለሙያ አሳዪአት ብሏት ኖሯል። «አባዬ፣ ገና ሰባት ዓመቷ እኮ ነው፤ የወተት ጥርሶቿ ሁሉ እስኪረግፉ ብንጠብቅስ?» አለችኝ። «ዛሬውኑ ውሰጃት!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፤ በስልክ የምጮህ ሰው አይደለሁም።

በደርግ ጊዜ፣ ደባርቅ ሳለን፣ እናቴም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። አባቴ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ዘምቶ ስለነበር በአሥራ ሰባት ዓመቴ የቤቱ ወንድ እኔ ነበርኩ። እህቴ ወለላ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከላይ፣ ከወተት ጥርሷ በላይ ድዷን ሰንጥቆ፣ ሌላ ጥርስ ወጣና ከንፈሯን ገፋው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አያትና «እንዳትነኩት። ጎንደር ሆስፒታል አሁኑኑ ትታይ፤ አጥንቷ ገና ለጋ ነው» አለን።

እናቴ አራስ ነበረች። «አንተ ተምረሃል፤ ይዘሃት ትሄዳለህ ወይስ ይቆይ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ላይ ባለው ኬላ ወጣቱን ከአውቶቡስ እያወረዱ ለጦርነት ይወስዱ ነበር። ከክፍላችን ሁለት ልጆች እንደወጡ ቀርተዋል። ግን የቤቱ ወንድ ተብዬ «ፈራሁ» ልበል? እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና «ጥርስ እኮ ነው፣ በሽታ አይደለም። ትርፉን እዚሁ እናስነቅለው» አልኩ። እናቴም አመነችኝ።

ጥቅምት ነበር፤ የባቄላ እሸት የደረሰበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን የሚያነጣበት። ገበያው ዳር ጥርስ የሚነቅሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «የትኛው ነው ልጄ?» አሉኝ። የወተት ጥርሷ በቦታው ቆሟል፤ ጥፋተኛው እንግዳው መሰለኝና አዲሱን አሳየኋቸው። ዕድሜ ልኳን የሚያገለግላት እሱ እንደሆነ እኔ ምኑን አውቄ! የሚያውቀው ሰው ግን አትንኩት ብሎን ነበር። ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዤ ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ሽማግሌው በጉጠት ሲስቡ መላ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ጥርሱ ተሰብሮ ወጣ፤ ሥሩ ውስጥ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ጉንጯ አበጠ። እሸቱ ይቅርና አጥሚት መዋጥ አቃታት። ትኩሳቱ ሲብስ አራሷ እናቴ ጨቅላውን አዝላ፣ ወለላን ደግፋ፣ ወደ ጎንደር በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ተሳፈረች። «አንተ እንኳ ቅርልኝ» አለችኝ። ቀረሁ።

ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፏት። የላይኛው መንጋጋዋ አጥንት ግን መግል በልቶት ስለነበር ከፊሉን አወጡት። ከወር በኋላ ስትመለስ ግራ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከንፈሯ ተጎትቶ ነበር። ትምህርት ቤት ሳቁባትና ተወችው። ትዳርም ሳትይዝ ቀረች።

ወለላ ዛሬ ዳባት ትኖራለች። ትናንት ሄጄ የልጅ ልጄን ጉዳይ ስነግራት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች፣ «ብቻ አጠገቧ የሚይዛት ሰው አይጥፋ» አለችኝ። «እኔ ያን ቀን አንተ ደረትህ ላይ ባትይዘኝ ኖሮ በፍርሃት እሞት ነበር። ለሰው ሁሉ የማወራው ይህንን ነው፤ እንዳንተ ያለ ወንድም የት ይገኛል?»

ስልሳ ሊሞላኝ ነው። የኬላውን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። አሁንም ፈራሁ።