ከበሮ ሲመታ አይቀመጥም

ጋምቤላ የከረመ ነጋዴ ሁለት ነገር ይማራል፤ ባሮ ሲሞላ መታገስን፣ ካድሬ ሲናገር ማጨብጨብን። ሁለቱንም በጊዜ ተምሬ ነበር። ሦስተኛውን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ላይ ያየኋቸው፣ ጸጉራቸው ትከሻቸውን ያለፈ አምስት ፈረንጆች ናቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የዓሣ መረብ ልገዛ ወደ መርካቶ ተነሳሁ። እኔ የጨውና የሳሙና ሰው ነኝ፤ መረብ ከመረብ አልለይም። ስለዚህ አንድ አኙዋክ ወዳጄን ይዤ ሄድኩ፤ ክሩን በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ ስንት ክረምት እንደሚችል የሚናገር ሰው ነው። አባቱ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። ከደጋ በመጣሁ ሰሞን፣ ማንም ሳያምነኝ፣ ጨዬን ጠብታ ሳያስነኩ ባሮን ያሻገሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ስንነሳ ሽማግሌው ታመው ተኝተዋል። ልጃቸው ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ "ሁለት ሳምንት አንሞላም" ብዬ ያግባባሁት እኔ ነኝ። አባትየው ከተኙበት ቀና ብለው እጄን ያዙ።

"ቶሎ መልሰው።"

"እኔ እያለሁ!" አልኩ። የነጋዴ አፍ ቅርብ ነው።

መረቡን በሁለት ቀን ገዝተን ጨረስን። ያመጣን የጭነት መኪና ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል፤ ሾፌሩ ሁለት ቦታ ይዞልናል። አርብ ዕለት መረቡን የሸጠልን ባለሱቅ ከኪሱ ሁለት ትኬት አወጣ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ የሙዚቃ ቡድን ቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት አለው፤ ትኬቱን ቀበሌ በግድ አድሎት ኖሯል። "እኔ ጆሮዬን እፈልገዋለሁ፤ አንተ ውሰደው" አለኝ። በነጻ የመጣ ነገር ደግሞ አልፎኝ አያውቅም።

"አባቴስ?" አለ ወዳጄ።

"ማክሰኞ ሌላ መኪና አለ። ባሮን ስንቴ ያሸነፉ ሰው ሦስት ቀን ያቅታቸዋል?"

ወዳጄ ታላቁን የማይሟገት ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ በዕድሜ እበልጠዋለሁ። አውቄ ነው የተጠቀምኩበት።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ካድሬዎች፣ ከኋላ እኛ፤ ሁሉም እንደ ስብሰባ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቁም ሳጥን የሚያክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል። ከዚያ ጀመሩት። ሄቪ ሜታል እንደሚባል በኋላ ነገሩኝ፤ ያኔ የመሰለኝ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ገደል ሲገባ ነው። ጊታሩ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ አማተቡና፣ ማን አይቶኝ ይሆን ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ።

አንዱ ዘፈን መሀል ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ ከበሮው ብቻ ቀረ። ዝግ ያለ፣ ወፍራም። አንድ ምት፣ ፋታ፣ ሁለት ምት። ወዳጄ ተነሳ።

"ተቀመጥ" አልኩት፣ ጃኬቱን ጎትቼ።

"እንዲህ ሲመታ አይቀመጥም።"

"ሰው እያየህ ነው።"

"በእኛ መንደር እንዲህ ከተመታ ሰው ሞቷል። የሰማ ይነሳል፣ ወደ ከበሮው ይሄዳል። ጠላት ነው የሚቀመጠው።"

"እነዚህ ይሄን የት ያውቁታል?"

"እነሱ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።"

ረጅም ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘፋኙ አየው። አንድ አድናቂ ያገኘ መስሎት ፈገግ ብሎ በጣቱ አመለከተው፤ መብራት አዞሩበት። ከፊት አንድ ካድሬ ዞር ብሎ አየና፣ መነሳት የታዘዘ መስሎት መሰለኝ፣ ብድግ አለ። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። እኔ ብቻ ጃኬቱን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

በማክሰኞው መኪና፣ ጭቃውን እየገፋን፣ አርብ ጋምቤላ ገባን። የሽማግሌው ታንኳ ዳርቻው ላይ ተገልብጣ ነበር። ወዳጄ እሷን ሲያይ መረቡን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማንንም አልጠየቀም።

ሽማግሌው የሞቱት ከበሮው በተመታባት ቅዳሜ አልነበረም። ቅዳሜ ቢሆንማ ተአምር ነው ብዬ እገላገል ነበር። የሞቱት ማክሰኞ ነው፤ የቅዳሜው መኪና ደግሞ ሰኞ ገብቶ ነበር። ሾፌሩን ጠርተው "ነጋዴውስ?" ብለውታል። የልጃቸውን ስም አልጠሩም፤ የጠየቁት እኔን ነው።

ወዳጄ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ከሱቄ ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ቀስ ይላል፤ አንድ ምት፣ ፋታ፣ ሁለት ምት። እኔም የያዝኩትን ሚዛን ትቼ ከበርጩማዬ እነሳለሁ። በር ላይ የደረሰ ደንበኛ ለእሱ የተነሳሁ ይመስለዋል።

"ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ" ይለኛል።

"ግድ የለም" እላለሁ፤ ሞተሩ ምቱን እስኪያፋጥን ድረስ እቆማለሁ።